ድንኳኑ ከመጣሉ በፊት



ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ የነበረውን ልጃችንን ቀብረናል። ያስተማሩት መምህራን፣ አንድ ዴስክ ላይ አብረውት የተቀመጡ ጓደኞቹና የዛሬዎቹ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለለቅሶ መጥተዋል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከእሱ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ እንዳልነበረ መምህሩ ሲያስታውሱ እንባቸው ቀደማቸው።

ሆኖም በድንኳኑ ውስጥ የታዘብነው ነገር አለ። በምን እንደ ሞተ የጠየቀ ሁሉ «ትንሽ አሞት ነበር» ይባል ነበር። ኧረ ለመሆኑ ማንን ነው የምንደብቀው? ነገሩ በጫት ተጀምሮ፣ በጨብሲ አድርጎ ወደ አረቄ ሲሻገር ሁላችንም እያየን ነው። «ሰካራም» ብሎ ስም ከማውጣት በቀር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያነጋገረው ስንቱ ነው?

ሱስ በሽታ እንጂ ብልግና አለመሆኑ በሕክምና የታወቀ ነው። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ቢያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ራስን ስቶ መንፈራገጥና መቃዠት ሊደርስበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለሆነም ልጅን ቤት ቆልፎ ማስተው አደገኛ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብም ቢሆን መድኃኒቱን አያስቋርጥ።

ሕግም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ደብተር ለያዘ ልጅ መለኪያ የሚቀዳለት አለ። የሚቀዱትም ባዕዶች አይደሉም፤ ከእኛው ጋር ለቅሶ የተቀመጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እንጀራቸው መሆኑን እናውቃለን። ግን እነሱም ልጆች አሏቸው እኮ!

ከሁሉ የሚከነክነን የራሳችን ጉዳይ ነው። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ገንዘቡንም በዕለቱ ያቀርባል። እናቱ ልጃቸውን ለማሳከም ደጅ ሲጠኑ ግን በደንባችን ውስጥ አንዲት መስመር አልተገኘላቸውም። ገንዘቡ ቀድሞ ቢሰጥ ኖሮ ይድን ነበር ለማለት አንደፍርም፤ መሞከሩ ግን የእኛ ፈንታ ነበር።

በመሆኑም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገሮች እንዲታዩ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከእድሩ መዋጮ ጥቂቱ ለሱስ ሕሙማን ማሳከሚያ እንዲመደብ፤ ሁለተኛ፣ መጠጥ የሚሸጡ አባሎቻችን ለተማሪ ላለመሸጥ በጉባኤው ፊት ቃል እንዲገቡ፤ ሦስተኛ፣ መምህራን አንድ ልጅ ከትምህርት ሲቀር ለወላጅ ቶሎ የሚያስታውቁበት መንገድ ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዲመከርበት።

ልጁ የታመመበት ወላጅም አይፈር፤ በራችንን ያንኳኳ። ነገ ሌላ ድንኳን ከምንጥል ዛሬ አንድ ልጅ ደግፈን ሐኪም ዘንድ ብናደርስ ይሻላል።

ለወንድማችን ነፍስ ይማር። ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን።