ዋስትናው ደለስ ላይ ያበቃል

ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ቤት በር ላይ ቡናማ ካርቶን የማይታይበት ሳምንት የለም። አንዱ ገና አልተከፈተም፤ አንዱ ለመመለስ ተቀምጧል፤ አንዱ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ይጠብቃል። ቡና ላይ የአማዞን ወሬ ከተነሳ ክርክሩ የታወቀ ነው። "ኑሯችንን አቀለለልን" የሚሉ አሉ፤ "ሠራተኛውን እያደከመ፣ ትንንሽ ሱቆችን እያዘጋ የከበረ ድርጅት ነው፣ ከእሱ አልገዛም" የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ካዩት ተነስተው ነው። ክርክሩ ግን እኛን ከሌላው የአሜሪካ ነዋሪ የሚለየንን ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለዋል፦ ከምንገዛው ውስጥ ቀላል የማይባለው እዚህ ተገዝቶ እዚያ የሚያገለግል ዕቃ ነው።

ከሚያመሰግኑት ልጀምር። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የማውቃት ነርስ አለች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት በእግሯ ቆማ ታድራለች፤ ስትወጣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ከዚያ ትተኛለች። ሱቅ በሚከፈትበት ሰዓት እሷ እንቅልፍ ላይ ናት። የልጇ ጫማ ሲጠብ ወይም ሳሙና ሲያልቅ ለዕረፍት በወጣችበት ጥቂት ደቂቃ በስልኳ ታዝዛለች፤ በነጋታው በሯ ላይ ታገኘዋለች። እንዲህ ላለች ሴት "ሱቅ ሄደሽ ግዢ፣ የሰፈሩን ነጋዴ ደግፊ" ማለት ጊዜ የተረፈው ሰው ምክር ነው። መኪና ለሌለውም ነገሩ ያው ነው። የመንግሥት የምግብ ድጋፍ የሚያገኙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ላይ በሙከራ መልክ፣ በድጋፍ ካርዳቸው አስቤዛ በኦንላይን እንዲገዙ ሲፈቀድ ሥራውን ከጀመሩት መካከል አማዞንና ዋልማርት ነበሩ። ልጅ አዝላ አውቶቡስ እየቀያየረች አስቤዛ ትሸከም ለነበረች እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዕቃ መመለሱ ደግሞ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ሱቅ ሄዶ ዕቃ የመለሰ ስደተኛ ያውቀዋል፦ ደረሰኝ ይዞ ሰልፍ፣ ተራ ሲደርስ ለምን እንደሚመልስ በእንግሊዝኛ ማስረዳት፣ ባለ ጠረጴዛዋ ዕቃውን እያገላበጠች "ተጠቅመህበታል?" በሚል ዓይን ስታየው መታገስ። አማዞን ላይ ምክንያቱን ከዝርዝር ውስጥ ይመርጣል፤ ስልኩ ላይ ኮድ ይመጣለታል፤ ዕቃውን ሆል ፉድስ ወይም ዩፒኤስ ወስዶ ያስረክባል። ብዙውን ጊዜ ካርቶንም ፕላስተርም አያስፈልገውም። ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም በአነጋገሩ አይመዝነውም። የሚያመሰግኑት ሰዎች ፍጥነቱንና ዋጋውን ሲያነሱ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ያላየኸውን ዕቃ በልበ ሙሉነት የምትገዛው መመለስ ስለምትችል ነው። አብዛኛው ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ በፎቶግራፍ ጫማ የሚገዛ ማን ነበር?

አሁን ወደ ሌላው ወገን። ጄፍ ቤዞስ ድርጅቱን በ1994 ሲያትል አጠገብ መሥርቶ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ መጽሐፍ መሸጥ ሲጀምር ሻጩ አንድ ነበር። በ2000 ግን በሩን ለሌሎች ነጋዴዎች ከፈተ። ቤዞስ ራሱ ለባለ አክሲዮኖች በጻፈው ደብዳቤ እንዳስታወቀው፣ በ2018 በአማዞን ላይ ከተካሄደው የዕቃ ሽያጭ 58 በመቶው የሌሎች ሻጮች ነበር። ስለዚህ "ከአማዞን ገዛሁ" ስንል ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ የገዛነው ከማናውቀው ሰው ነው። ስክሪኑ ላይ፣ ከማዘዣው ቁልፍ በታች፣ ማን እንደሚሸጥና ማን እንደሚልክ የሚናገሩ ሁለት አጫጭር መስመሮች አሉ። ላኪው አማዞን፣ ሻጩ ግን ትርጉም የማይሰጡ ፊደላት የተደረደሩበት ስም ሊሆን ይችላል። ስንቶቻችን እናነባቸዋለን?

ይህ የሻጭ ማንነት ጉዳይ ሕይወት እስከ መንካት ይደርሳል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ሐምሌ 2024 ላይ፣ አማዞን በመጋዘኑ አስቀምጦ ለሚልካቸው የሌሎች ሻጮች ዕቃዎች እንደ አከፋፋይ በሕግ ተጠያቂ ነው ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ ከ400,000 በላይ ዕቃዎችን የሚመለከት ነበር፦ መርዛማ ጋዝ ሲኖር የማይጮኹ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያዎች፣ ውኃ ውስጥ ቢወድቁ ከኤሌክትሪክ አደጋ መከላከያ የሌላቸው የፀጉር ማድረቂያዎች፣ በቀላሉ እሳት የሚይዙ የልጆች የሌሊት ልብሶች። ድርጅቱ እኔ አጓጓዥ እንጂ አከፋፋይ አይደለሁም ብሎ ተከራከረ፤ በ2025ም ውሳኔውን ተቃውሞ ክስ መሠረተ። ክርክሩን ለመረዳት ሞክሬያለሁ፤ ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት ሁሉ ለይዘቱ ተጠያቂ ይሁን ቢባል ፖስታ ቤትም መሥራት አይችልም። ግን ፖስታ ቤት ዕቃውን በገጹ ላይ አያስተዋውቅም፣ ገንዘቡን አይሰበስብም፣ ከሽያጩ ኮሚሽን አይቆርጥም። በዚህ ነጥብ ላይ ያለ ማመንታት ከኮሚሽኑ ጎን ነኝ።

የአባልነቱም ጉዳይ አለ። ፕራይም የተባለው የአማዞን አባልነት በ2005 ሲጀመር በዓመት 79 ዶላር ነበር፤ ከ2022 ወዲህ 139 ዶላር ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ባቀረበው ክስ፣ ድርጅቱ ሰዎችን ሳያውቁት አባል አድርጓል፣ መውጫውንም ሆን ብሎ አወሳስቧል አለ። እንደ ክሱ አባልነትን ለመሰረዝ አራት ገጽ ማለፍ፣ ስድስት ጊዜ መጫን፣ ከአሥራ አምስት አማራጭ መካከል መምረጥ ያስፈልግ ነበር፤ አሠራሩም ድርጅቱ ውስጥ "ኢሊያድ" ይባል ነበር፣ በረዥሙ የግሪክ የጦርነት ግጥም ስም። መስከረም 2025 ላይ ድርጅቱ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ጥፋቱን ግን አላመነም። ለሚዛኑ ሲባል ይህም ይነገር፦ ክሱ ከመቅረቡ ጥቂት ወራት በፊት የመሰረዣው መንገድ አጥሮ ነበር። ይሁንና እንግሊዝኛ እየቆጠሩ የሚያነቡ አባት በየወሩ ከባንካቸው የሚቆረጠውን ገንዘብ ለማስቆም አሥራ አምስት አማራጭ ሲደቀንባቸው ሳስብ ያንገበግበኛል። ዕቃ መመለስን እንዲያ ያቀለለ ድርጅት ከአባልነት መውጣትንም ማቅለል ያቅተው ነበር ብዬ አላምንም።

ስለ ሠራተኞቹ ስናወራ ስለ ራሳችን ሰዎች እያወራን ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያሽጉ፣ በገዛ መኪናቸው ፓኬጅ የሚያደርሱ ሐበሾችን የማያውቅ ቤተሰብ በዚህ አካባቢ ማግኘት ይከብዳል። ለብዙዎቹ ሥራው የመጀመሪያ መቆሚያቸው ሆኗል። ብዙ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፤ የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን የጤና መድን አለው፤ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራምም አለ። ኅዳር 2018 ላይ የድርጅቱ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር ሲሆን የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ይህን ሁሉ አይቶ "የባርነት ሥራ ነው" ማለት ሥራውን የመረጡትን ሰዎች አለማክበር ነው።

በሌላ በኩል በርኒ ሳንደርስ ይመሩት የነበረው የሴኔት ኮሚቴ ታኅሣሥ 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በአማዞን መጋዘኖች የሚደርሰው ጉዳት በዘርፉ ካሉት ሌሎች መጋዘኖች በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ገልጿል፤ ድርጅቱ ሪፖርቱን ስህተት ነው ብሎ ውድቅ አድርጎታል። ሚኒሶታ፣ ሻኮፒ በሚባለው ከተማ ያለው መጋዘን ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሶማሌዎች፣ ሐምሌ 2019 በትልቁ የቅናሽ ሽያጭ ቀን ሥራ አቁመው ሲወጡ ጥያቄያቸው ስለ ሥራው ፍጥነት ነበር፤ ከዚያ በፊትም የሶላት ሰዓትና ኮታው እየተጋጩባቸው አቤት ሲሉ ቆይተዋል። በ2023 ሚኒሶታ ባወጣው ሕግ መጋዘኖች ኮታቸውን ለሠራተኛው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፤ ከምግብ፣ ከመጸዳጃ ወይም ከጸሎት የሚከለክል ኮታም ሊጥሉ አይችሉም። እኔ ከዚህ የምረዳው አለመግዛት ብቻውን ያላመጣውን ለውጥ የተደራጀ ሠራተኛና ሕግ አውጪ አብረው ሊያመጡት እንደቻሉ ነው። ከአማዞን የማይገዙ ወዳጆቼን አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ለዚያ ሠራተኛ የሚበጀው ትዕዛዝ ማቆማቸው ነው ብዬ አላስብም። ጥንድ ካልሲ በማግስቱ ካልደረሰልኝ ማለትን ብንተው ግን አይከፋም። ትዕዛዞችን በአንድ ቀን ሰብስቦ የማስላክ ምርጫ እዚያው ገጽ ላይ አለ።

የሐበሻ ሱቅን በተመለከተ የሚሰማውን ያህል አልሰጋም። በርበሬና የጤፍ ዱቄት አማዞን ላይ አሉ፤ ትኩስ እንጀራ ግን በየቀኑ ከሚያመጣው ባለ ሱቅ ጋር የሚወዳደር መጋዘን እስካሁን አላየሁም። የሚጎዱት የሐበሻ ሱቆች ሻንጣ፣ ጫማና የስልክ ዕቃ የሚሸጡት ናቸው፤ ያ ጉዳት እውነት ነው።

አሁን ወደ ሻንጣው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሳሎን ወለል ላይ ሁለት ሻንጣ ተከፍቷል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት። የእጅ ሚዛኑ 24.6 ይላል። የመጀመሪያው እርምጃ ካርቶኖቹን መጣል ነው፦ የቡና ማሽኑ ካርቶን፣ የፀጉር ካውያው ካርቶን፣ የደም ግፊት መለኪያው ካርቶን። መመሪያውና የዋስትና ወረቀቱ አብረው ይጣላሉ። ፓወር ባንኩ ከሻንጣ ወጥቶ ወደ እጅ ቦርሳ ይገባል፣ ለብቻው ያለ ሊቲየም ባትሪ በጭነት አይሄድምና። ሚዛኑ 22.9 ሲል ዚፑ ይዘጋል። አብዛኛው ዕቃ የታዘዘው ከወር በፊት ነው፣ "ሰው ይሄዳል" ሲባል እየተጠራቀመ። ደለስ አየር ማረፊያ ሲደርስ ለብዙው የመመለሻው ቀን አልፏል፤ ላላለፈውም ቢሆን የሚመልሰው ሰው ዕቃውን የሚያየው አዲስ አበባ ላይ ነው።

እዚያ ሲደርስ የቡና ማሽኑ በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ሆኖ ይገኛል፤ የአገር ቤቱ መስመር 220 ነው። ሶኬት መቀየሪያው ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፣ ስለዚህ ማሽኑ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። እናት ስልክ ይደውላሉ፦ "ልጄ፣ ያ የግፊት መለኪያ አንዴ መቶ ሃያ አንዴ መቶ ሰባ ይለኛል፤ የቱን ልመን?" ልጁ የሚመልሰው የለውም። እዚህ ላይ ነው የሚዛኑ ሁለት ሳህኖች ቦታ የሚለዋወጡት። የኦንላይን ግብይትን የሚያስመሰግነው መመለሱ ነበር፤ ለሻንጣ ዕቃ ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም። የሚያስወቅሰው የሻጩ አለመታወቅ ነበር፤ ያ ግን ከሻንጣው ጋር ሙሉ በሙሉ ይሻገራል።

ያን መለኪያ አዲስ አበባ መግዛት ይሻል ነበር ወይ? ዋጋው ይወደዳል፣ ምርጫውም ያንሳል። ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ተለጥፏል። ሆኖም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለሸማቹ መብት ሰጥቷል። መብቱን ማስከበር ድካም አለው። ግን ሻጩ በእግር የሚደረስበት ሰው ነው፣ መለኪያውን ፊትህ ክንድህ ላይ አስሮ ያሳይሃል፣ ማሽኑም 220 ላይ ይሠራል።

እዚህ ለምንጠቀምበት ዕቃ ሚዛኑ ወደ ማዘዙ ያደላል፤ ነርሷን ተው በይ አልላትም። ለሻንጣ የሚሆነው ግን ሌላ ሂሳብ ነው። መጽሐፍ፣ ልብስና ጫማ ምንም አይሉም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የምታዙ ሰዎች 100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እስካላያችሁ ድረስ ተዉት። ያዘዛችሁትን በደረሰ ቀን ከፍታችሁ ሞክሩት፣ ሰው እስኪሄድ ካርቶኑ ውስጥ አታስቀምጡት። የደም ግፊትና የስኳር መለኪያን ግን ፋርማሲ ሄዳችሁ ግዙ፤ የግፊቱን ክንዳችሁ ላይ አስራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ቁጥሩ የሚቀራረብ ከሆነ ለእናታችሁ ላኩላቸው።