ልጃችን የት ትደር?

ከደራ ከተማ አንድ አባት ለዚህ ዓምድ በጻፉልን ደብዳቤ፥ ልጃቸው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ከነገሩን በኋላ፥ «እንግዲህ የት ትደር?» ሲሉ ጠይቀውናል። እርሳቸው በየቀኑ ከቤት እየተመላለሰች ብትማር ይወዳሉ። እናቲቱ ደግሞ ከሁለት ባልንጀሮቿ ጋራ በአዳማ አንዲት ክፍል ተከራይታ፥ የጾሙን ወጥ በገዛ እጇ እየሠራች ብትኖር ይመርጣሉ። ሦስተኛው በግቢው መኝታ ቤት ማደር ነው። የልጅቱ ፈቃድ ግን በደብዳቤው ውስጥ አልተጻፈም፤ እርሷንም መጠየቅ እንደሚገባ አስታውሰን እንለፍ።

ከደራ በአዋሽ መልካሳ በኩል ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ ረጅም አይደለም። ይሁን እንጂ ተማሪን የሚያደክመው መንገዱ ብቻ ሳይሆን መጠበቁ ነው፤ ማለዳ መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ፥ ማታም እንደዚሁ። በዚህ ዐይነት ትምህርት ደግሞ ብዙው ሥራ የሚሠራው መምህሩ ከክፍል ከወጣ በኋላ ነው። ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ፥ ያልገባን ሒሳብ ከገባው ጓደኛ ጠይቆ መረዳት፥ ይህ ሁሉ የማታ ሥራ ነው። መኪና እንዳያመልጣት በዐሥራ አንድ ሰዓት የምትሮጥ ልጅ የትምህርቷን እኩሌታ ትታ ትሄዳለች።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የቆሎ ተማሪ እናቱ ቤት እያደረ ቅኔ አይቆጥርም፤ ከአገሩ ርቆ፥ ከመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ሌሊት ከባልንጀራው ጋራ እየቀጸለ ይማራል እንጂ። እኛም በዚያ አልፈናልና ጎጆው ምቹ ነበር አንልም፤ ቁንጫው ራሱ ሌላ መምህር ነበር።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር እንበል። ብዙ ወላጆች ግቢ የሚያድር ተማሪ በነጻ የሚያድር ይመስላቸዋል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ የትምህርቱንም በከፊል፥ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በውሉ ቅጽ ላይ ምግብና መኝታን በዐይነት ወይም በገንዘብ ለመውሰድ የሚመረጥበት ቦታ አለና፥ ልጅቱ ከመፈረሟ በፊት አባትና እናት አብረው ያንብቡት። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። በዚህ ገንዘብ ከግቢ ውጭ በቀን ሦስት ጊዜ እንዴት እንደሚበላ፥ ገበያ የሚወጡ እናቶች ያስሉት።

የአባትየው ፍርሃት ግን የገንዘብ አይደለም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መገደላቸውን፥ በዚያም ዓመት ብዙዎች ከየግቢው ሸሽተው ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን አልረሱም። እኛም አልረሳንምና ፍርሃታቸውን አናቃልልም። ነገር ግን የኪራይ ቤት ይህን ፍርሃት አያስቀርም፤ ከቤተ መጻሕፍት ወጥታ በጨለማ ወደ ሠፈር የምትሄድ ልጅም ታስፈራለች። የደራ ቅርበት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ነገር የተበላሸ እንደሆነ፥ አባት በማለዳ ተነሥተው ልጃቸውን ይዘው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ አገር የላኩ ወላጆች ይህን አላገኙም።

ስለዚህ የእኛ አሳብ የመጀመሪያውን ዓመት በግቢ ትደር የሚል ነው። ክፍሉ ይጣበባል፥ የክፍል ጓደኛ መርጠው አይገቡም፥ የሌሊት ወሬም እንቅልፍ ይነሣል። ይህ እውነት ነው። ስለ ጾሙ እናቲቱ አይጨነቁ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቋጥሩላት፥ ከሁሉም በፊት ግን ግቢ ጉባኤውን ትጠይቅ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ ሰብስቦ ያስተምራልና፥ የጾም ጓደኛ ከዚያ አታጣም። ዓመቱ ሲያልቅ ባልንጀሮቿን ለይታ ታውቃለችና፥ የኪራዩን ነገር ያን ጊዜ እንደ ገና ይመካከሩበት። ያን ጊዜም አባት ክፍሏን ከማየታቸው በፊት አከራዩዋን ይዩ።

ትምህርቱ ሲፈቅድላት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ ደራ ትምጣ፥ እሑድም ከቤተሰቡ ጋራ አስቀድሳ ትመለስ። በፈተና ሰሞን ግን አይጠብቋት።