ጆሮ ውስጥ ዘይት ከመጨመራችን በፊት

እኔ አል ራያን ነው የምሠራው፤ አብራኝ የምትሠራው የኬረላ ልጅ ናት። ባለፈው ረመዳን ቀኝ ጆሮዬን ሲያመኝ የሰሊጥ ዘይት በነጭ ሽንኩርት አሙቃ ጠብ አደረገችልኝ። በአገራቸው አዩርቬዳ የሚባል የቆየ ሕክምና አለ፤ ለብ ያለ ዘይት ጆሮ ውስጥ መጨመር እዚያ የታወቀ ነው። እኔንም አልገረመኝም፤ እናቴም ጤና አዳም ጨምቃ ታደርግልን ነበር።

ግን ጆሮዬ ቀድሞም ትራሴን ያረጥብ ነበር፤ አልነገርኳትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪም አይቶ ታምቡሩ ተበስቷል አለኝ። አሁን ማዳም ስትጣራ በዚያ በኩል በደንብ አይሰማኝም፤ ሰነፍ እባላለሁ።

ዘይት መጥፎ ነው አልልም። የደረቀ ኩክ ያለሰልሳል፤ ሐኪሞችም ይሉታል። ችግሩ ኩክ ይሁን ቁስል ከውጭ አይታወቅም። መግል ወይም ደም ከወጣ፣ ትኩሳት ካለ፣ መስማት ከቀነሰ ምንም አትጨምሩ፤ ውሃም ቢሆን። በደንብ የተማረ የአዩርቬዳ ባለሙያም መጀመሪያ ያያል። ሳናይ የምንጨምረው ጓዳ ያለነው እኛ ነን።

ለምን? ማስፈቀድ ስለምንፈራ ነው። ረመዳን ነው፣ ሥራ በዝቷል ብዬ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 ግን ሥራ ላይ ስንታመም አሠሪ ከኛ ሳይቀንስ እንዲያሳክመን ያዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ኢዝኒ ትዓውርኒ» በሏት፤ ጆሮዬን አመመኝ ማለት ነው። ዝምታ ጆሮ ያስከፍላል።