ዳክዬዋ ዳክዬ ሆና ብትቀርስ?

የልጅን ውርደት አሳይቶ ሕዝብን ማሣቅ ነውር ነው የሚል ክስ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ላይ በየጊዜው ሲሰነዘር እንሰማለን። ፊልሙ ቶድ ሶሎንድዝ ደርሶ ያዘጋጀውና እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1995 ዓ. ም. የወጣው «ዌልካም ቱ ዘ ዶልሃውስ» ነው፤ ስሙም ወደ አማርኛ ሲመለስ «እንኳን ወደ አሻንጉሊት ቤት በደኅና መጣችሁ» እንደ ማለት ይሆናል። በማግሥቱ ዓመት በሰንዳንስ የፊልም በዓል ላይ ታላቁን የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ ግን ክሱን አላበረደውም፤ እኛም ስለ ተሸለመ ብለን አንሟገትለትም። የምንሟገትለት ከሳሾቹ ሣቁ ከየት እንደሚመጣና በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳይመረምሩ የፈረዱ ስለ መሰለን ነው።

ባለታሪኳ ዶን ዊነር በኒው ጀርዚ፣ በከተማ ዳር ሰፈር የምትኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መነጽርዋ ትልቅ፣ አለባበስዋ የማይሰምር፣ አነጋገርዋ ድንብርብር ነው። በመጀመሪያ የምናገኛት የምሳ ሳሕንዋን ይዛ በትምህርት ቤቱ የመመገቢያ አዳራሽ መካከል የምትቀመጥበትን ስትፈልግ ነው፤ ወንበር ሞልቶ ሳለ ለእርስዋ የሚሆን ቦታ የለም። የቤተሰብዋ ስም ከቋሊማ ስም ጋራ ስለሚገጥም ልጆቹ የውሻ ስም አውጥተውላታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና መምህርትዋም በበኩልዋ ስለ ክብር ድርሰት አስጽፋ፣ በክፍሉ ፊት አቁማ ታስነብባታለች። ስለ ክብር ለማስተማር የልጅን ክብር መግፈፍ! ከሳሾቹ ጨካኝ የሚሉት ይኸን የሠራችውን መምህርት ሳይሆን ያሳየንን ሰው ነው።

ወደ ቤትዋ ብንከተላት ነገሩ ይብሳል። ወላጆችዋ የጋብቻቸውን መታሰቢያ በዓል ሲያዘጋጁ በግቢው ያለውን የጨዋታ ጎጆዋን እንድታፈርስ ያዝዟታል፤ እንቢ ስትል እናትዋ የእርስዋን ድርሻ ኬክ ለታላቅ ወንድምዋና ለታናሽ እኅትዋ ታካፍለዋለች። ዱላ የለም፤ ጩኸትም የለም። የተወሰደው አንድ ቁራሽ ኬክ ነው፤ ግን በዚያ ገበታ ላይ ማን ልጅ እንደ ሆነና ማን እንዳልሆነ ተቈርጦ ታድሏል። የሙግታችን ዋና ማስረጃ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። በዓሉ በቪዲዮ ተቀርጾ ኖሮ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያየዋል፤ ዶን ከልጆች መዋኛ ገንዳ ውስጥ ስትወድቅ ሁሉም ይሥቃል። እኛ ተመልካቾች እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዚህችው ልጅ ስንሥቅ ቈይተናልና፣ ሳናስበው ከዚያ ቤተሰብ መካከል ተቀምጠን ራሳችንን እናገኘዋለን። ታዲያ ደራሲው በልጅቱ ላይ ተሣለቀ ማለት እንዴት ይቻላል? የሣቅነውን እኛን እጅ ከፍንጅ ያዘን እንጂ!

ዶን ካሴቱን በመዶሻ ትሰባብረዋለች። ቀጥላም መዶሻውን እንደ ያዘች ከተኛችው እኅትዋ ራስጌ ትቆማለች፤ አትመታትም። የተሰደበችውን ስድብ ለእኅትዋ ትመልሳለች፤ እናትዋ ለእኅትዋ እንድታደርስ የሰጠቻትን መልእክት ሳታደርስ በመቅረትዋም ታናሽቱ ትጠለፋለች። የዶንን ክፍል የተጫወተችው ሄዘር ማታራዞ በጊዜው ራስዋ ልጅ ነበረች፤ ፊትዋ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እዘኑልኝ ብሎ አይለምንም። ከሳሾቹን ያስቈጣው ይኸ ይመስለናል። የተገፋ ልጅ ሲያዩ ቅዱስ ሆኖ እንዲያገኙት ይሻሉ፤ ቂም የያዘ እንደ ሆነ ኀዘኔታቸውን ይነፍጉታል።

በዚህ ፈንታ የሚወዱትን እናውቃለን። በ1999 ዓ. ም. የወጣው «ሺ ኢዝ ኦል ዛት» የተባለው ፊልም ማንም የማያያትን ተማሪ መነጽርዋን አስወልቆ፣ ጠጕርዋን አስተካክሎ፣ ደረጃ ሲያስወርዳት ሁሉም አፉን ይከፍታል። አባቱ የዴንማርኩ አንደርሰን በ1843 ዓ. ም. ያሳተመው የመልከ ጥፉዋ ዳክዬ ተረት ነው። ተረቱ ውብ እንደ ሆነ አንክድም፤ ግን ያች ጫጩት የዳነችው ቀድሞውኑ ዳክዬ ስላልነበረች ነው። ከግቢው አንድ ዳክዬ እንኳ ጠባዩን አላረመም። እውነተኛዋ መልከ ጥፉ ዳክዬ፣ ክንፍዋ የማይነጣው፣ ከዚህ ምን ትማራለች? ቈንጆ እስክትሆን ድረስ መናቅዋ ተገቢ መሆኑን! ጨካኙ ታሪክ ይኸኛው ነው እንላለን፤ ስኳር ስለ ተቀባ ግን የሚከሰው የለም።

ለሶሎንድዝ ሁሉን አንመርቅለትም። በ2004 ዓ. ም. ያወጣውን «ፓሊንድሮምስ» በዶን ቀብር መጀመሩን አንወድለትም፤ በ2016 ዓ. ም. «ዊነር ዶግ» በተባለው ፊልሙ አድጋ በሕይወት መልሶ ሲያመጣት ደስ ያለን ብቻችንን አይደለንም። የመጀመሪያው ፊልም ግን ሞትንም ሆነ ውበትን አይሰጣትም። የጠፋችው እኅትዋ ተገኝታ ቤቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ በኋላ ዶን ስምንተኛ ክፍል ይሻል እንደ ሆነ ወንድምዋን ትጠይቀዋለች። እርሱም እምብዛም እንደማይሻል፣ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን መሰደቡ ባይቀርም ሰው ፊት ለፊት እንደማይሳደብ ይነግራታል። ከዚያም በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ከትምህርት ቤቱ መዘምራን ጋራ ወደ ዲስኒ ወርልድ ትጓዛለች፤ ድምፅዋ ከሌሎቹ ድምፅ ጋራ ተቀላቅሎ ይሰማል።