አምስተኛው ስም

ሁለተኛ ዓመት ላይ ነን። የእጅ ሕክምና መለማመጃ ክፍል ውስጥ አንድ ጓደኛችን አልጋው ላይ በደረቱ ተኝቷል። አንደኛው መምህር ወገቡን ዳሰሰና «አራተኛው አጥንት ወደ ቀኝ ዞሯል» አለን። ትንሽ ቆይታ ሌላዋ መምህርት እዚያው ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ወደ ግራ» አለች። እጄን አውጥቼ «ለምን ይህንን ራሱን አናጠናውም? የስንት ሐኪም ጣት ይስማማል?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ «መጀመሪያ ፈተናው ይታለፍ» ሆነ።

በዚያው ዓመት ስሜ አንድ የጉባኤ ፖስተር ላይ አምስተኛ ሆኖ ወጣ። ፖስተሩ ስለ አንዲት ታካሚ ነው፤ ሴትየዋን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። የማጣቀሻ ዝርዝሩን ብቻ ነው ያስተካከልኩት። ለዚህ ተመሰገንኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

አሜሪካ ውስጥ በኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሪሰርች የሚባለውን የሚያውቀው እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2020 የኦስቲዮፓቲ ሐኪሞች (ዲኦ) እና የሌሎቹ ሐኪሞች (ኤምዲ) ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ያለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ በአንድ የእውቅና ሥርዓት ሥር ገባ። በ2022 ደግሞ የመጀመሪያው የቦርድ ፈተና ውጤት በነጥብ መሰጠቱ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆነ። ነጥቡ ሲጠፋ ሩጫው ይበልጥ ወደ ወረቀት ቁጥር ዞረ። ማች በሚባለው የሬዚደንሲ ምደባ ሰንጠረዥ ላይ አብስትራክቱም፣ ፖስተሩም፣ የታተመው ጥናትም አንድ ላይ ይደመራል። በዚያው ዓመት ኒውሮሰርጀሪ የገቡት የኤምዲ ተማሪዎች አማካይ ከ25 በላይ ነበር። ሃያ አምስት! በአራት ዓመት ውስጥ ሃያ አምስት ጥያቄ በሐቅ የሚመልስ ተማሪ ማን ነው?

የእኛ ተማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ የራሱ ሆስፒታል የለውም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሻንጣውን ይዞ ሩቅ ከተማ ይላካል። እዚያ አማካሪ የለ፣ ስታትስቲክስ የሚያግዝ የለ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ የለ። ክፍያው ግን አንድ ቀን አይዘገይም።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሙያው ያልተመለሰ ጥያቄ ሞልቶት ሳለ መሆኑ ነው። የኦስቲዮፓቲ መሥራች አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1864 ልጆቹን በማጅራት ገትር አጥቶ የዘመኑን ሕክምና አምርሮ የጠየቀ ሰው ነው፤ በ1892 ኪርክስቪል፣ ሚዙሪ ላይ የመጀመሪያውን የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት የከፈተውም ያ ጥያቄ አላስተኛው ብሎ ነው። በ2010 የታተመው ሞፕሲ የተባለው ጥናት 406 የሳንባ ምች ታካሚዎችን ይዞ የእጅ ሕክምናን ፈተነ። የተመዘገቡት ሁሉ ሲቆጠሩ ልዩነት አልታየም። ሕክምናውን በደንቡ የጨረሱት ብቻ ሲቆጠሩ ግን የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ አጠረ። ታዲያ የትኛውን እንመን? ለአንድ ትውልድ ተማሪ የሚበቃ ሥራ እዚህ ተቀምጧል፤ እኛ ግን ያላየናቸውን ታካሚዎች ታሪክ እንለጥፋለን።

እንዲህ ያለው የአንድ ታካሚ ታሪክ፣ ኬዝ ሪፖርት የሚባለው፣ ልምምድ ነው የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ተማሪው ታካሚዋን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ተከታትሎ ከሆነ። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦ በአራት ዓመት አንድ የራሱ ጥያቄ፣ ስልክ የሚያነሳ አማካሪ፣ ከፈተና ነጻ የሆነ ሁለት ወር። ውጤቱ «ልዩነት የለም» ከሆነም በድፍረት ይታተም።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ሐኪም ነው። ወገቡ ወደ ቀኝ ይዙር ወደ ግራ፣ እስካሁን የለካው የለም።