ሦስት ዓሣ መንጋ አይሆንም

መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ። የዛሬ አራት ዓመት ሦስት ኒዮን ቴትራ ገዛሁ። ከዓይናቸው ተነስቶ ወደ ጭራቸው የሚሄድ ሰማያዊ መስመር፣ ከሥሩ ደማቅ ቀይ። ሻጩ «ለጀማሪ የሚሆን ዓሣ ነው» አለኝ። ክብ ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ ኮምፒውተሬ አጠገብ አስቀመጥኳቸው፤ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ፣ ላይክ ሰበሰብኩ። በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው ሞተ። «ዓሣ ነው፣ ምን ይጠበቃል?» አልኩና ሌላ ሦስት ገዛሁ። እነሱም አለቁ።

ዛሬ የምከራከረው ከዚያች «ዓሣ ነው» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

ኒዮን ቴትራ አገሩ ምዕራብ አማዞን ነው። እዚያ በወደቀ ቅጠል ሻይ የመሰለ፣ ጥላ የበዛበት ውሃ ውስጥ በመንጋ ይኖራል። ሦስት ሴንቲሜትር ለምታክል ፍጥረት መንጋው ጋሻዋ ነው፤ አዳኝ ከብዙዎቹ መካከል አንዷን ለይቶ መያዝ ይቸግረዋል፣ ብዙ ዓይንም አደጋን ቶሎ ያያል። «እርባታ ላይ የተወለደ ነው፣ አማዞንን የት ያውቀዋል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የእርባታ ነው። መንጋ የመፈለግ ጠባዩ ግን አብሮት ይወለዳል። ሁለት ሦስት ሆኖ ሲቀር ጥግ ይይዛል፣ በትንሹም በትልቁም ይደነግጣል።

ቀለሙስ? ያ ሰማያዊ የተቀባ ነገር አይደለም። ቆዳው ውስጥ በተደረደሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ላይ ብርሃን ሲያርፍ የሚወጣ ነጸብራቅ ነው። ሌሊት ይደበዝዛል፣ ጠዋት መብራት ሲበራ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ዓሣው ሲጨነቅም ይደበዝዛል። እና እኛ ለቀለሙ ብለን እንገዛዋለን፣ በአያያዛችን ቀለሙን እንገፈዋለን።

ሁለተኛው ጥፋታችን ችኮላ ነው። እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። ያልተፈተሸ ሶፍትዌር ለተጠቃሚ ብለቅ አለቃዬ አይምረኝም። ያልተዘጋጀ ውሃ ውስጥ ግን ነፍስ ያለው ነገር ለቅቄያለሁ። ዓሣው ከሰውነቱ የሚያስወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ በጣም ወደቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ላይ እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የሞተ ዓሣ ግን ተለቅሞ አይመለስም።

«ሰው በተቸገረበት አገር ለዓሣ ትጨነቃለህ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፣ አልንቀውም። ግን ተከተሉት፣ የት ያደርሳችኋል? ዓሣ አትግዙ ወደሚል ምክር። ገዝታችሁ ግደሉ አይልም። ዓሣው ቤታችሁ የመጣው ለምኖ አይደለም፤ እናንተ ከፍላችሁ አመጣችሁት።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ መብራት ይጠፋል፤ ማሞቂያውም ፊልተሩም የሚሠሩት በመብራት ነው። እኔ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዝቻለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ።

ስለዚህ የእኔ መስፈርት ይሄ ነው፦ 60 ሊትር ገንዳ፣ 10 ዓሣ፣ ወደ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ ክሎሪኑ የተወገደለት ውሃ፣ መደበቂያ እጽዋት፣ በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ መቀየር። ይህን ካልቻላችሁ ደግሞ አለመግዛት ነውር የለበትም፤ ሦስቱን ለጌጥ መግዛት ነው ነውሩ።

አሁን ቤቴ 12 ኒዮን ቴትራዎች አሉ። እነሱ ከመግባታቸው በፊት ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ስመለከት፣ ውሃ ስለካ ከረምኩ። እናንተም እንዲሁ ጀምሩ። ባዶውን ገንዳ መንከባከብ ከሰለቻችሁ፣ ዓሣውም ይሰለቻችኋል።