መስፈርቱ ሲወጣ ሠራተኛዋ የት ነበረች?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ፣ 16 የጤና ጥቅሎችንም እንዲያዳርሱ ታቅዶ ነበር። ከእንዲህ ያለው ቁጥር ዕቅድ ይቀዳል፤ ከዕቅዱም የሠራተኛዋ የሥራ አፈጻጸም ምዘና።

በእምድብር ዙሪያ፣ በቸሃ መንደሮች፣ ቤቶች በጀፎረው ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ እንሰቱን ከጓሯቸው አድርገው ይታያሉ። በአንድ ጀፎረ ላይ አሥር ቤት መጎብኘትና ወንዝ ተሻግሮ አሥር ቤት መጎብኘት በቅጽ ላይ እኩል ናቸው፤ ለእግር ግን እኩል አይደሉም። የተቆፈረ መጸዳጃ መቁጠር ቀላል ነው። ቤተሰቡ ይጠቀምበት እንደሆነ ማወቅ ግን መመላለስን ይጠይቃል። ምዘናው የመጀመሪያውን ብቻ ከጠየቀ ሠራተኛዋ ወደየትኛው እንደምታደላ ለመገመት አያዳግትም፤ ይህንንም ስንፍና ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌስተር ኮክ እና ጆን ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጉዳይ ብርሃን ይሰጣል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው ሃርዉድ የፒጃማ ፋብሪካ የአሠራርና የክፍያ መስፈርት ሲለወጥ፣ አንደኛው ቡድን ውሳኔው ተነገረው እንጂ አልተጠየቀም። ከለውጡ በፊት በሰዓት 60 የነበረው ምርቱ ወደ 50 ገደማ ወርዶ እዚያው ቀረ፤ በ40 ቀናት ውስጥም ከአባላቱ 17 በመቶው ሥራ ለቀቁ። ሁሉም አባላት መስፈርቱን በማውጣት የተሳተፉባቸው ቡድኖች ግን ፈጥነው አገገሙ፤ ከቀድሞው ምርታቸውም 14 በመቶ ያህል በለጡ። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ ከመጀመሪያው ቡድን የቀሩት 13 ሠራተኞች ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ለሌላ ሥራ ተሰብስበው በተሳትፎ ሲሞከሩ እነርሱም ማገገማቸው ነው። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

ቡድኖቹ ትንንሽ እንደነበሩ መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመ ጥናት እንደተገለጸው፣ በኖርዌይ የጫማ ፋብሪካ ሙከራው ሲደገም በምርት ላይ ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ እንዳብራሩት፣ ሠራተኞች ተሳትፎውን ተገቢና ከሥራቸው ጋር የተያያዘ አድርገው ካልቆጠሩት ውጤቱ ይደክማል። ለይስሙላ የሚጠራ ስብሰባም እንግዲህ አይበጅም ማለት ነው።

«ሠራተኛ ራሷ መስፈርት ካወጣች ያነሰውን ትመርጣለች» የሚሉ አሉ። የሃርዉድ ተሳታፊዎች ግን ያነሰውን አልመረጡም። ስለዚህ በሐምሌ አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ በፊት፣ የቀበሌው ሁለት ባለሙያዎች ከጤና ጣቢያው ተቆጣጣሪ ጋር ተቀምጠው የትኛው መንደር ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ከተቆፈሩት መጸዳጃዎችም ስንቱ ተመልሶ መታየት እንዳለበት በራሳቸው ቃል ይናገሩ፤ ቅጹም ከዚያ በኋላ ይሞላ።